ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ጥቅምት 4 ቀን

ለእኅቴ ለድርብ ሰረዝ፦

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ካልጠየቅሽኝ። ባለፈው የላክሽልኝን ደብዳቤ አርሜ ከዚህ ጋር መልሻለሁ። አምስት ቀይ ምልክት አለው። ሦስቱ የተለመደው ጥፋትሽ ነው፤ ሐሳብሽ ካለቀ በኋላ አራት ነጥብ ማድረግ እንደ ሞት ትፈሪያለሽ። መምህርታችን «ድርብ ሰረዝ» ብላ ስም ያወጣችልሽ በከንቱ አልነበረም። እኔንም «መቀስ» ያለችኝ በከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ አትቀየሚኝ። ከትምህርት ቤት ጀምረን ሃምሳ ሁለት ዓመት ስንተራረም ኖረን በእርጅና መኳረፍ አያምርብንም።

ስለ ልጅሽ ጠይቀሻል። አንቺ ወንድ ልጅሽ ዘንድ ርቀሽ ከሄድሽ፣ ጆሮሽም ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ እዚህ ያለሁት ዓይንሽ እኔ ነኝና በዝርዝር እጽፋለሁ። ደህና ናት። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጽሑፍ ባረምሁበት መዝገብ ቤት፣ መስኮት ሦስት፣ የልደት ምዝገባ ላይ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ሂጃቧን እንደ አዲስ ደብተር ሽፋን አስተካክላ ጠቅልላ ትመጣለች። የእጅ ጽሕፈቷ ያንቺ ነው፤ ሥርዓተ ነጥቧ ግን፣ ተመስገን፣ የእኔ። ሐሙስ ሐሙስ ምሳዋን እኔ ዘንድ ትበላለች። «እትዬ» ስትለኝ የወለድኋት ያህል ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ወሬው። በመዝገብ ቤቱ አዳራሽ፣ ከመስኮቶቹ በላይ ያለውን የስቅለት ሥዕል ታስታውሺዋለሽ። የመጀመሪያው ሹም የሰቀለው ነው፤ ከእሱ ወዲህ ያወረደውም፣ ለምን ተሰቀለ ያለም አልነበረም። ባለፈው ወር ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡ ሁለት ወጣቶች «የመጣነው መንግሥት ዘንድ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን?» ብለው አቤቱታ ጻፉ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ማኅተም መቺው «ሥዕሉ ከወረደ እኔም ከወንበሬ እወርዳለሁ» አለ። የሞት ምዝገባዋ ሴትዮ «ውረድ፤ እኔ ወገቤን ያመመኝ ወንበር አጥቼ ነው» አለችው። የሕዝብ ግንኙነቱ ወጣት ደግሞ ማንም ማንንም እንዳያስቀይም ብሎ የቃላት መመሪያ አወጣ። «ባለጉዳይ» ማለት ቀርቷል፤ «ክቡር ተገልጋይ» ነው። «ሟች» ያስከፋል ተብሎ «በሕይወት የሌሉ ክቡር ተገልጋይ» ሆኗል። የሞት ምዝገባዋ «ታዲያ እነሱም ቁጥር ይዘው ይሰለፉ?» ብላ ጠየቀችው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

በመጨረሻ ዋና ሹሙ ማስታወቂያ አረቀቀና፣ ጡረታ መውጣቴን ረስቶ፣ አይተው ያርሙልኝ ብሎ አስጠራኝ። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦

«በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማንኛውም የሃይማኖት ምልክት ከሰኞ ጀምሮ ይነሣ።»

እምነቱ ያንቺ ባይሆንም ቋንቋው ያንቺ ነውና ይገባሻል። የስቅለት ሥዕልን ለማንሣት «የተሰቀለ ይነሣ» ተብሎ ይጻፋል? ግማሹ ሰው ስብከት ነው ይላል፣ ግማሹ ፌዝ ነው ይላል። «ይውረድ» ብል የባሰ ነው፤ ያኔ ከመስቀሉ ሥር ቆመው የተሳለቁበትም ያሉት ይህንኑ ነው። ወገኖቼ እንዳይቀየሙ «የተሰቀለ»ን ቆረጥሁት። እሱ ሲሄድ «በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ» እና «በግድግዳ ላይ» ጎን ለጎን ቀሩ። ሁለት «በ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለት ሁለት ሴት በአንድ ማድቤት ማለት ነው። አንዷን አስወጣኋት። እነሆ፦

«በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ ማንኛውም የሃይማኖት ምልክት ከሰኞ ጀምሮ ይነሣ።»

አሥራ ሁለት ቃል የነበረው አሥር ሆነ። የሚቀየምም የለም። ዋና ሹሙ «እርስዎ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር?» ሲለኝ «እኔም አላውቅ» አልሁት።

ለልጅ ልጆችሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እኅትሽ፣ መቀስ


ጥቅምት 21 ቀን

ለመቀስ፦

አልሐምዱሊላህ እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔን ልታይ ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ መነጽሬን ለወጠልኝና ያንቺ ቀይ አሁን በእጥፍ ቀልቶ ይታየኛል፤ ጆሮዬ ያው ነው፤ የልጄ ሚስት ስትቆጣ ብቻ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ «ሁለት ሴት በአንድ ማድቤት» ያልሽውን አላነበብኩላትም፤

የሥዕሉን ወሬ እየሳቅኩ ጀምሬ መጨረሻ ላይ ቅር አለኝ፤ እኔ እኮ ሁለቱንም ልጆቼን ያስመዘገብኩት ከእሱ ሥር ቆሜ ነው፤ አንድም ቀን ወርዶ የተቆጣኝ የለም፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ስሜን ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር፤ ማንም ዝቅ አድርጊ ሳይለኝ፤ ስለዚህ እነዚያ ሙሽሮች አልተሳሳቱም፤ የሁሉም ሰው ቤት ከሆነ ግድግዳው ባዶ ይሁን፤ ሰዎቹ እንደ መልካቸው ይግቡ፤

አንድ ነገር ግን ላሰምርብሽ፤ «ይነሣ» ብለሻል፤ ማን ነው የሚያነሣው፤ መምህርታችን ትዝ አለችኝ፤ «ባለቤት የሌለው ውሻና ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ያገኙትን ይነክሳሉ» ስትል፤ ይኼው ሃምሳ ሁለት ዓመት ጠብቄ አንድ ጥፋት አገኘሁብሽ፤ ዛሬ ደስ ብሎኛል፤

ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጻፈችልኝም፤ ሥራ በዝቶባት ነው አይደል፤ እስቲ ጠይቂልኝ፤

ድርብ ሰረዝ


ኅዳር 3 ቀን
(ይህ ደብዳቤ አልተላከም)

እኅቴ፦

ሥራ አልበዛባትም። ሥራ የላትም።

ሥዕሉ በወረደ በሦስተኛው ቀን የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ላይ ነቅሎ፣ ይዞት መስኮት ሦስት መጣ። የነገረችኝ የሞት ምዝገባዋ ናት። ማኅተም መቺው «እኩልነት ከሆነ እኩል ይሁን፤ የእኛ ወርዶ የእሷ ለምን ይቀራል?» ብሎ አቤት ብሎ ኖሯል። ኃላፊው ጣቱን «ያለ ማንኛውም» ከሚለው ላይ አድርጎ «ይህ አንቺንም ይመለከታል» አላት። ልጅሽ ቀና ብላ «እኔ ግድግዳ ነኝ እንዴ?» አለችው።

«ግድግዳ የሚል አላየሁም» አላት።

እውነቱን ነው። የለም። አውጥቼዋለሁ።

ነገሩ ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። ለመሄድ ስለብስ አንገቴ ላይ ያለችውን ትንሽ መስቀል አየኋትና የሸሚዜን አንገትጌ እስከ ላይ ቆለፍሁ። እዚያ ስደርስ ልጅሽ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ግማሽ ሰዓት ያህል የተከራከሩት ምን ብለው እንደሚጠሩት ነበር። የሕዝብ ግንኙነቱ «‹ሂጃብ› አንበል፣ እንዳናስቀይማት ‹የራስ ልብስ› እንበል» አለ። «መታገድ» የሚለውም ከበደው፤ «ጊዜያዊ የርቀት ቆይታ» እንበለው አለ። ልጅሽ «ስሙን ተዉትና ነገሩን ንገሩኝ» አለች።

ከዚያ እኔን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ይህ ዓረፍተ ነገር እንዴት ይነበባል?»

ልጅሽ አየችኝና ፈገግ አለች። እትዬ መጣች፣ አለቀ የሚል ፈገግታ ነው። ዋና ሹሙ የራሱን ረቂቅ ረስቶታል፤ ወይም የረሳ መስሏል። እኔ አልረሳሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ጥፋት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነበር። እኔ ከሌላው ጥፋት ሥር የማሰምር ሰው ነበርሁ።

«እንደ ተጻፈው ይነበባል» አልሁ።

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም። የማይለቀኝ እሱ ነው። የቀረውን እስክናገር ጥቂት ጠበቀኝ። 

ካላወለቀች አትመለስም ተብላለች። አላወልቅም ብላ ወጥታለች። ሐሙስ ዕለት ሁለት ሳህን አቀረብሁ። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ በሩን ሳይ ቆየሁና አንዱን ሳህን መልሼ አነሣሁት።


ኅዳር 3 ቀን

ለእኅቴ ለድርብ ሰረዝ፦

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ልጅሽ ሚስት ቁጣ ብዙ አታስቢ፤ ሰው ሲደክመው ይቆጣል።

ልጅሽ ደህና ናት። ጥቂት ቀን ዕረፍት ወስዳለች፤ ያልጻፈችልሽም ለዚሁ ይሆናል። አይዞሽ።

ደብዳቤሽን መልሻለሁ። ለማረም ጊዜ አላገኘሁም።

መቀስ


ኅዳር 18 ቀን

ለመቀስ፦

ደብዳቤዬ ያለ ቀይ ተመለሰልኝ፤ በሃምሳ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው፤ ደጋግሜ ገለበጥኩት፤ ታመሽ ይሆናል ብዬ ለልጄ «ሴትዮዋ ልትሞትብኝ ነው» አልኩት፤ ሳቀብኝ፤

በማግሥቱ የሴት ልጄ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሁለት መስመር ብቻ ናት፤ እንዳለ ልገልብጥልሽ፤ «እማዬ፣ ሥራ ካቆምሁ ሰነበትሁ። ለምን እንደ ሆነ እትዬን ጠይቂያት፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።» ሌላ ቃል የለውም፤ አልከሰሰችሽም፤ አላለቀሰችምም፤ እኔ ግን ልጄን አውቃታለሁ፤ ስትናደድ ነው የምታሳጥረው፤ ይህንንም ካንቺ ነው የተማረችው፤

አንቺ ዕረፍት ላይ ናት አልሽኝ፤

ጠይቂያት ብላኛለችና እጠይቅሻለሁ፤ ምን ሆነ።


ታኅሣሥ 1 ቀን

ለእኅቴ፦

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በአራት ነጥብ ማለቁንም አይቻለሁ። ለጥያቄሽ መልሱ ከዚህ በታች ያለው ነው።

በማስታወቂያው ዝግጅት ወቅት አንዳንድ ቃላት ተቀንሰው ነበር። በዚህም ምክንያት የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ከታሰበው በላይ ሰፋ። ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀርቦ ማብራሪያ ተጠየቀ። የተሰጠው ማብራሪያ በቂ ሆኖ አልተገኘም። ከዚህ የተነሣ በልጅሽ ላይ ጉዳት ደርሷል። በደረሰውም ሁሉ ታላቅ ኀዘን ተሰምቷል። ይቅርታ ይደረግ ዘንድ ይለመናል።

መቀስ


ታኅሣሥ 15 ቀን
(በተመለሰው ደብዳቤ ኅዳግ ላይ፣ በቀይ)

ሰባት ዓረፍተ ነገር። ሰባቱም ባለቤት የላቸውም።

ማን ቀነሰ። ማን ተጠየቀ። ማን መለሰ። ማን አዘነ።

የጥቅምት አራቱ ደብዳቤሽ እጄ ላይ አለ። ረቂቁንም እርማትሽንም ጎን ለጎን ጽፈሽልኛል። የልጄ ሁለት መስመር በደረሰኝ ቀን አውጥቼ አነበብኩት። ስለዚህ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አልነበረም የጠየቅኩሽ። «አንዷን አስወጣኋት» ይላል። ያ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው።

እንደገና ጽፈሽ አምጪ።


ጥር 11 ቀን

እኅቴ ብዬ ልጀምር አልጀምር ሳላውቅ ጀምሬዋለሁ።

እንደገና ጽፌዋለሁ። «በግድግዳ ላይ» የሚለውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግዴታ አልነበረብኝም፤ «በግድግዳ ላይ ያለ» ብል ይበቃ ነበር። ጆሮዬን ስላላማረው አወጣሁት። የወገኖቼን ስሜት ስጠብቅ የልጅሽን እንጀራ ቆረጥሁ። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ እያወቅሁ ደበቅሁ። አንቺ ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ። ደግመሽ ስትጠይቂኝ ያን ባለ ሰባት ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላክሁልሽ። በዚያ ወጣት የቃላት መመሪያ ሳቅሁበት፤ እሱ ግን ቢያንስ ሰው እንዳይከፋ ብሎ ነው። እኔ ያለሳለስሁት ለራሴ ነው።

ምን አደረግሽ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርምና ልናገር። ጥፋቴን የጻፍሁበትን ወረቀት ይዤ ዋና ሹሙ ዘንድ ሄድሁ። አንብቦ ለሕዝብ ግንኙነቱ ሰጠው። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ቀላ። «እማማ፣ ‹በጽሑፍ ዝግጅት ወቅት የተፈጠረ ክፍተት› ብንለው አይሻልም? እርስዎንም አያስከፋም» አለኝ።

«ልጄ፣ እኔን እንዲያስከፋኝ ነው ይዤው የመጣሁ» አልሁት።

ሠራተኛው ሁሉ በአዳራሹ ተሰብስቦ፣ የአንገትጌዬን ቁልፍ ፈትቼ፣ ቆሜ አነበብሁት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። የሞት ምዝገባዋ ወንበር አመጣችልኝ፤ አልተቀመጥሁም። ማኅተም መቺው አንገቴ ላይ ያለችውን መስቀል አየና ወደ ወለሉ አቀረቀረ። ያጨበጨበም የሰደበኝም የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስጨርስ አንዱ ከኋላ «እንግዲህ ሥራ እንጀምር» አለና ተበተኑ።

ማስታወቂያው ታርሟል። ልጅሽ ከሰባ ቀን በኋላ፣ ባለፈው ሰኞ፣ ሰማያዊ ሂጃቧን ለብሳ መስኮት ሦስት ተመልሳለች። ይህን ከእኔ በፊት ጽፋልሽ እንደ ሆነ አላውቅም። የጻፈችልሽ ከሆነ የእሷን እመኚ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጡረተኛ በየዓመቱ በሕይወት መኖሩን ማስመስከር እንዳለበት ታውቂያለሽ። ቅጹ የሚሞላው መስኮት ሦስት ነው። ላለፉት አራት ዓመታት ምስክሬ ልጅሽ ነበረች። ቁጥር ሳልይዝ በጎን በር ታስገባኝና «እትዬ፣ አለሽ አይደል?» ትለኛለች፤ «ትንሽ አለሁ» እላታለሁ፤ ስቃ ትፈርማለች።

ዘንድሮ ቁጥር ይዤ ተሰለፍሁ። አርባ ሰባት ደረሰኝ። ተራዬ ሲሆን ቀና ብላ አየችኝ። «ክብርት ተገልጋይ፣ ምን ልርዳዎት?» አለችኝ።

በመመሪያው መሠረት ነው። አንድ ቃል አላጓደለችም። ክፋትም አልነበረበትም፤ ለአርባ ስድስቱም እንዲሁ ስትል ሰምቻለሁ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አነበበች። የልደት ዘመኔን አመሳከረች። «ምስክር» ከሚለው መስመር ስትደርስ ብዕሯን አነሣች። ከዚያ ክዳኑን ከደነችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ምስክር ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

እኔ ምስክር ሆኜ በተጠራሁ ቀን የሰጠኋትን አስቤ «ልክ ነሽ» አልኋት። «ልክ ነዎት» ማለት ነበረብኝ መሰለኝ። «አርባ ስምንት» ብላ ተጣራች።

ስወጣ ቀና ብዬ አየሁ። ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ከቀሪው ግድግዳ ነጥቶ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ቀለም ይቀባል ተብሏል። ማን እንደሚቀባው አልተጻፈም።

ቅጹ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የምስክሩ መስመር ባዶ ነው። የሞት ምዝገባዋን ብጠይቃት ትፈርምልኝ ይሆናል፤ ቀልዷን ግን ከአሁኑ እሰማዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ማረም ከፈለግሽ አርሚው። ካልፈለግሽም ይገባኛል።

የቀድሞ እኅትሽ፣ መቀስ


ጥር 26 ቀን

ለመቀስ፦

ደብዳቤሽን አርሜ ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ ባለቤት የሌለው አላገኘሁበትም፤ ከቀለም ቅቡ በቀር፤ እሱም የእነሱ ነው፤ ሁለት ቦታ ፊደል አሳስተሻል፤ ለዛሬ ሳላሰምር አልፌዋለሁ፤

ልጄ ጽፋልኛለች፤ ወደ ሥራ ተመልሻለሁ አለች፤ ስላንቺ ግን ያለችው የለም፤ እኔም ይቅር በያት ብዬ አልለምንልሽም፤ የይቅርታው ባለቤት እሷ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሳህን ማቅረብ ከፈለግሽ አቅርቢ፤ ትመጣለች ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥሽም፤ እኔም ብሆን ተቆጥቻለሁ፤ ዋሽተሽኛል፤ ቁጣዬ ገና አራት ነጥብ ላይ አልደረሰም፤

ቅጹን ግን ለሞት ምዝገባዋ አትስጫት፤ በፖስታ ላኪልኝ፤ መኖርሽን እኔ እመሰክራለሁ፤ ከዚህም ሆኜ ይሰማኛል፤ አይቀበሉም ካሉ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ ቁጥር ይዤም እሰለፋለሁ፤

ፊርማሽ ላይ አንድ ቃል ቆርጫለሁ፤ «እኅትሽ» ከሚለው በፊት ያለውን፤ ትርፍ ነው፤ የቀረው እንዳለ ይቁም፤

ድርብ ሰረዝ